የልጆቹን ገንዘብ አትላኪ

ደባርቅ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፣ ለዓይኔ ብርሃን፤

    ደባርቅ ውርጩ ገብቷል። ማታ ባልዲ ውስጥ የተውኩት ውሃ ጠዋት ላዩ ረግቶ አገኘዋለሁ። ገብሱ አብዛኛው ታጭዷል፤ የዘገየባቸውም አውድማው ላይ ናቸው። እማዬ ዳባት ናት፤ ብርዱ ጉልበቷን ይዟታል እንጂ ሌላው ደህና ነው። «ወደ ደባርቅ ነይና ከእኛ ጋር ክረሚ» ብላት «ዳባት ምን በደለኝ?» ትለኛለች። ታውቂያት የለ።

ይህን በወረቀት የምጽፍልሽ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ወሬያችን ግማሽ ላይ እየቀረ ስላስቸገረኝ ነው። ደግሞም ቁጥር የበዛበት ጉዳይ በስልክ አይሆንም፤ ሰው ይጣላበታል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ አለ፤ እሱ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልሻል። ጽሑፌ ካልተነበበልሽ እሱን ሳይሆን እኔን ውቀሺ።

ባለፈው የላክሽልኝን የካናዳ መንግሥት ወረቀት ደጋግሜ አየሁት። እንግሊዝኛው ባይሆንልኝም ቁጥር ግን ሙያዬ ነው። ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ በዓመት እስከ 7,997 ዶላር፣ ከስድስት እስከ 17 ላለ ደግሞ እስከ 6,748 ዶላር፣ ግብር የማይነካው፣ በየወሩ እናትየው ሒሳብ ውስጥ የሚገባ። ጣሪያው ይህ ነው፤ የቤተሰቡ ገቢ ከፍ ባለ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለታችሁም በየዓመቱ ገቢያችሁን ካላሳወቃችሁ ደግሞ ይቆማል። እንዲህ ነው የገባኝ፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። ከወረቀቱ ሥር ያስከተልሽውን ግን ሳልሳሳት ነው ያነበብኩት፦ «ይሄን የልጆች ገንዘብ በየወሩ ለእማዬና ላንቺ ልጆች እልካለሁ፤ እኛ በደመወዛችን እንኖራለን» ብለሻል።

አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን እንዳትልኪ። ለምን እንደሆነ በአንድ ቃል ብነግርሽ «ኩራት ነው» ትይኛለሽ፤ ስለዚህ አስረዝሜ ልጻፍልሽ።

እስኪ መጀመሪያ የኔን ወረቀት ላሳይሽ። ወር በመጣ ቁጥር የምሠራው የደመወዝ ሊስት ከግራ ወደ ቀኝ እንዲህ ይሄዳል፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የወር ደመወዝ፣ የሥራ ግብር፣ ጡረታ 7 በመቶ፣ ብድርና ቁጠባ፣ ልዩ ልዩ ተቆራጭ፣ የተጣራ ተከፋይ። ዱሮ መጨረሻው ላይ ፊርማ ነበረ፤ አሁን ቦታውን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይዞታል። በእኔ ሊስት ላይ ሁለት ተከታትለው የሚመጡ ሠራተኞች አሉ። አንዱ ባለፈው ዓመት የተቀጠረ ላጤ ነው፤ ከጓደኛው ጋር አንድ ክፍል ይዞ ይኖራል። ከሱ ቀጥላ ያለችው አራት ልጅ ታሳድጋለች፤ ሁለቱ የሟች ወንድሟ ናቸው። በማታ ተምራ ዲግሪዋን ዘግይታ ስለያዘች ደመወዟ ከልጁ ጋር እኩል ነው፦ ከመስከረሙ ጭማሪ በኋላ የዲግሪ ጀማሪ 11,500 ብር። ግብሩ 2,100 ብር፣ ጡረታው 805 ብር፣ እጃቸው ላይ የሚገባው 8,595 ብር። የሁለቱም። አንዲት ሳንቲም ልዩነት የለውም።

ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የሷን 8,595 ብር ለአምስት ነፍስ ሳካፍለው 1,719 ብር ሆነ። አዲሱ የገቢ ግብር አዋጅ፣ 1395/2017 የሚባለው፣ በወር እስከ 2,000 ብር የሚያገኝን ሰው «ከዚህ ላይ ግብር አይወሰድም» ብሎ ነፃ አውጥቷል። በሷ ቤት ግን ለአንድ ራስ የሚደርሰው ከዚያ በታች ነው፤ ግብሩም ተወስዷል። አዋጁ የሚያየው ደመወዙን ነው፤ በደመወዙ የሚበላውን ሰው ብዛት አይጠይቅም። ሊስቱ ላይም «የልጆች ብዛት» የሚል ዓምድ የለም።

አንድ ሥልጠና ላይ እንደሰማሁት ፈረንሳዮች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1945 ጀምሮ የቤተሰቡን ገቢ በድርሻ ከፋፍለው ነው ግብሩን የሚያሰሉት፤ ልጅም ድርሻ አለው። እኔም ወግ ይድረሰኝ ብዬ የኛዋን እናት 11,500 ብር በአምስት ነፍስ ከፋፍዬ ሞከርኩት። ለአንድ ሰው 2,300 ብር ደረሰ። ከ2,000 በላይ ያለችው 300 ብር 15 በመቶ ሲሰላባት 45 ብር፣ የአምስቱ ሲደመር 225 ብር። እሷ የከፈለችው 2,100 ነው። ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ለማን ይታያል?

አዲሱ አዋጅ ምንም አልረዳም እንዳልል ሐሰት ይሆንብኛል። የዱሮው፣ 979/2008፣ ነፃ የሚያወጣው እስከ 600 ብር ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም. 600 ብር ቢያንስ ስም ነበረው፤ በ2016 ሐምሌ ብሩ በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅና ዋጋው ሲወርድ ግን 600 ብር የአንድ ዙር አስቤዛም አልሞላ አለ። ከ10,900 ብር በላይ 35 በመቶ ይቆረጥ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ያንን የሚያገኘው የትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር፤ አሁን የዲግሪ ጀማሪው ሁሉ በጭማሪ ስም እዚያ ደረሰ። እርከኑ ባይቀየር ኖሮ ያ ላጤ ልጅ 2,525 ብር ይቆረጥበት ነበር። ስለዚህ በወር 425 ብር ቀሎለታል፤ ይህን ማመስገን አለብኝ። ግን ዛሬም 35 በመቶው የሚጀምረው ከ14,000 ብር በላይ ነው። 15,000 የሚያገኘው ባለሙያና የጭማሪው ጣሪያ ሆኖ የተነገረው 39,000 ብር ላይ ያለው ሹም የላይኛዋ ብራቸው የምትቆረጠው በአንድ ምጣኔ ነው ማለት ነው።

ጭማሪው የወጣ ሰሞን ቢሯችን የለቅሶ ቤት ይመስል ነበር ብልሽ ትስቂ ይሆናል። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ካልኩሌተር ይመታል። አንዷ የጽዳት ሠራተኛችን ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ማለቱን በሬዲዮ ሰምታ 6,000ውን ሙሉውን ስትጠብቅ 4,880 ገባላት። «የቀረውን ማን በላው?» ብላ መስኮቴ ላይ ቆመች። ግብር 700፣ ጡረታ 420 ብዬ አስረዳኋት። «ጡረታውስ ይሁን፣ ለነገዬ ነው፤ 700 ግን ለምኔ ነው?» አለችኝ። መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ አልተጣላችኝም፣ አላመነችኝምም። በበኩሌ ለጥያቄዋ ካገኘሁት መልስ የሷ ዝምታ ይሻላል።

አባባ ክፍል ውስጥ ስለ ጎጃም ገበሬዎች ሲያስተምር ትዝ ይልሽ ይሆን? አንቺ ሕፃን ነበርሽ፤ እኔ ግን በሱ ክፍል ተምሬያለሁ። በ1960 ዓ.ም. በወጣው የግብርና ገቢ ግብር ምክንያት ጎጃም ውስጥ ገበሬው ነፍጥ አንስቶ ሸፈተ፤ መንግሥት ጦር ልኮ፣ ቆይቶ ደግሞ ነገሩን ለማብረድ ተገደደ። አባባ «ገበሬው የፈራው ብሩን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የፈራው መሬቴ ሊለካ፣ ሊቆጠር፣ ሊወሰድ ነው ብሎ ነው» ይል ነበር። እነሱ መቆጠርን ሲሸሹ እኔ ዛሬ «ልጆቻችንን ቁጠሩልን» ስል ራሴን ሳገኘው ይገርመኛል። አባባ ቢሰማኝ የሚለውን አውቃለሁ፤ «ከቆጠሩሽ በኋላ ያዙሽ» ነው የሚለው።

የሚያናድደው ደግሞ ዳባት ውስጥ ቆጣሪ ጠፍቶ አለማወቁ ነው! የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ጣቢያ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዳባት ላይ ቤት ለቤት እየዞረ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የገባውን፣ የወጣውን ሲመዘግብ ኖሯል። እማዬ ዘንድ የሚመጣውን መዝጋቢ ቡና ሳታጠጣ አትሸኘውም። «ታናሿ ልጅሽ አሁንም ውጭ አገር ናት?» ሲላት «ካናዳ በል፤ ካናዳ ብለህ ጻፍ» ትለዋለች። በወረዳችን ስንት ልጅ እንዳለ፣ ስንቱ አምስት ዓመት ሳይሞላው እንደተቀጠፈ የሚናገር መዝገብ አለ። ለምርምር ነው፤ የተከበረ ሥራ ነው፤ ብዙ ሐኪም ተምሮበታል። የኔ ሊስት ግን አያውቀውም።

በነገራችን ላይ የልጅ ብዛት የሚጠየቅበት አንድ ወረቀት በእጄ ይዤ አይቻለሁ፤ የጃናሞራዋ አክስታችን የሴፍቲኔት ካርድ ነው። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የተሠራበት መላ ይህ ነው፦ ቤተሰቡ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ ነፍስ በወር የአምስት ቀን ሥራ ይታሰባል። ለራሷና ለሦስት ልጆቿ ሲታሰብ በወር 20 ቀን ማለት ነው። ሥራው እርከን መሥራት፣ መንገድ መጥረግ፣ ችግኝ ጉድጓድ መቆፈር ነው፤ የሚሠራውም በበጋው ወራት ነው፣ ገበሬው ወደ እርሻው ሳይገባ። ክፍያው አንዳንዴ ብር፣ አንዳንዴ እህል ነው፤ በእህል ከሆነ ለአንድ ነፍስ በወር 15 ኪሎ። የከበደች ሴት ከድንጋይ ተሸካሚነት ወጥታ «ቀጥታ ድጋፍ» ውስጥ ትገባለች፤ ሳትሠራ ይሰጣታል። አቅመ ደካማውም እንዲሁ።

አየሽው? ልጁ ተቆጠረ፤ ግን የተቆጠረው በእናቱ ወገብ ነው። ካናዳ ልጅ ስትወልጂ ገንዘቡ ይመጣልሻል፤ አክስታችን ደግሞ ልጅ ስትጨምር የምትሸከመው የድንጋይ ቀን ይጨምርላታል። እንዲያም ሆኖ አክስታችን ሴፍቲኔትን ስታማ ሰምቻት አላውቅም። የዘገየ ጊዜ ታማርራለች፤ የመጣ ቀን ትመርቃለች። «ባይኖር በሬዬን ሸጬ ነበር» ትላለች፤ እኔም የማምነው ይህንኑ ነው። ድርቅ በመጣ ቁጥር በሬ የሸጠ ቤት መልሶ በእግሩ ሲቆም ስንቱን አይተናል?

ስለ ወሊድ ፈቃድ ጠይቀሽኝ ነበር። ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነሙሉ ደመወዝ ነው። በግል ድርጅት የሚሠሩትም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ያው ነው፤ ለአባትየው ደግሞ ሦስት ቀን ከደመወዝ ጋር። መልካም ነው፤ እኔ በሁለቱም ወሊዶቼ ተጠቅሜበታለሁ። ችግሩ ሕጉ የሚያውቀው ቅጥር ያለውን ሰው መሆኑ ነው። የኔን ባል ተመልከችው። ፓርኩ ውስጥ ለቱሪስት ምግብ ያበስላል፤ ሳንቃበርና ግጭ ላይ ድንኳን ውስጥ ዳቦ ጋግሮ ፈረንጅ ያስደንቃል። የሚከፈለው በቀን ነው፣ እንግዳ ካለ። ታናሹ የተወለደ ጊዜ ቼነክ ላይ እንግዳ ይዞ ነበር፤ «የሦስት ቀን ፈቃድ ስጡኝ» የሚለው ማንን ነው? ጥሎ ቢመጣ ቀኑ ላይከፈለው ነው። አልመጣም፤ እኔም አልተቀየምኩትም። ከኮሮናው በኋላ ጦርነቱ፣ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የክልላችን አለመረጋጋት ተከታትለው እንግዳው እንደ ዱሮው አይመጣም፤ አስጎብኚው፣ ስካውቱ፣ ባለ በቅሎው፣ አብሳዩ ሁሉም እንደ እሱ ነው። አገራችን ለግል ሠራተኛ የተደነገገ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የላትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ቢልም የዚህ ዓይነት ሰው እጅ ላይ የደረሰ ነገር የለም። ገቢው ሲቀር ከሊስት ላይ የሚቀነስ ግብር የለበትም፤ የሚደመርለትም የለም። ጨውና ዘይት ሲገዛ የሚከፍለው ግን ከሚኒስትሩ እኩል ነው።

የጤናው ነገርም እንዲሁ ግራ ነው። ለገበሬውና በራሱ ለሚሠራው ሰው የማኅበረሰብ ጤና መድን አለ፤ በአባወራ ደረጃ በዓመት አንዴ ይከፈላል፣ ቤተሰቡ ሁሉ ይታከምበታል። ለደመወዝተኛው የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን ግን አዋጁ በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ ከአሥር ዓመት በላይ ሥራ ላይ ሳይውል ኖረ። ስለዚህ ልጄ የታመመ ቀን ባለ ደመወዟ እኔ «አበድሩኝ» ብዬ ለጎረቤት ስልክ እደውላለሁ፤ አክስታችን መድኗን ይዛ ትገባለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ይሄን በስልክ ልነግርሽ ያልደፈርኩት ነው።

አንቺና እኔ መንግሥት ያሳደገን ልጆች ነን። አባባ በ1999 ዓ.ም. ሲሞት እኔ 17፣ አንቺ 11 ዓመትሽ ነበር። የሟች ሚስት የጡረታውን 50 በመቶ፣ 18 ዓመት ያልሞላው እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ ይደርሰዋል። በሕጉ «ተተኪ» የምንባለው እኛ ነን። እኔ ብዙም ሳልቆይ ከመዝገቡ ወጣሁ፤ ያንቺ 20 በመቶ ግን 18 ዓመት እስኪሞላሽ ድረስ አብሮሽ ኖሯል። ደብተርሽ፣ ጫማሽ፣ ጎንደር ለፈተና የሄድሽበት መሳፈሪያ ከዚያ ነው የወጣው። አባባ በየወሩ ከደመወዙ ያስቆረጠው ነው፤ ማንም አልሰጠንም። ግን አገር ያዘጋጀው መንገድ ባይኖር ኖሮ የተቆረጠው ብር ብቻውን ወደ እኛ አይመጣም ነበር። ስለዚህ ሰው ጡረታ ሲቆረጥበት ሲያጉረመርም ስሰማ ዝም አልልም፤ መስኮቴ ላይ ሰልፉ ቢቆም እንኳ አስረዳለሁ።

እማዬስ? እማዬ ያኔ አርባም አልሞላት። ሰው የሚያከብረው፣ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ጨዋ ሰው ሽማግሌ ልኮባት እንደነበር ታውቂ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር። ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ቤት ውስጥ አስሮን ስንቀመጥ፣ እንዲሁ ስለሌላ ነገር ስናወራ ነው ያወጣችው። ሽማግሌዎቹን «አይሆንም» ብላ መለሰች። እኛ ስናድግ ሰው «ለባሏ ፍቅር ስትል ሳታገባ ቀረች» እያለ ሲያመሰግናት እንሰማ ነበር አይደል? «አዎ፣ አባታችሁን እወደው ነበር» አለችኝ። ከዚያ ቡናዋን እያማሰለች «ግን ሕጉን አንድ መምህር አንብቦ ነግሮኝ ነበር፤ 45 ዓመት ሳይሞላኝ ባገባ የኔው ይቋረጣል» አለች። ሕጉ እውነት ነው፤ ሥራዬ ነውና አውቀዋለሁ። ባል የሞተባት ሴት 45 ሳይሞላት ካገባች፣ ወንዱም 50 ሳይሞላው ካገባ፣ አበሉ ይቆም ነበር። ሕግ አውጪው «አዲስ ባል ካገኘች የሚያስተዳድራት አገኘች» ብሎ ነው።

«ሰውየው ደህና ሰው ነበር» አለች። «ግን እናንተን አብሮ ያስተዳድራል ብዬ እንዴት ልመን? ያች ብር ግን በየወሩ ትመጣለች፤ አትሰክርም፣ አትቆጣም፣ ልጅ አትለይም።» ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ስንት ዓመት ሊስት ስሠራ «ይቋረጣል» የሚለውን ቃል በዚህ ዓይነት አስቤው አላውቅም። ተቀይማ እንዳይመስልሽ፤ እንዲያውም የምታዝነው ለሌሎች ነው። በነሐሴ 2013 መጨረሻ በጦርነቱ ጭና ላይ ባሎቻቸውን ያጡትን የወረዳችንን ሴቶች ታነሳለች። «የነሱ ባሎች ገበሬዎች ናቸው፤ ጡረታ የሚባል ነገር ከየት ይመጣላቸዋል? እኔማ ታድዬ ነው» ትላለች። ገበሬ ዕድሜውን ሙሉ የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ገቢ ግብር ሲከፍል ኖሮ ሲሞት ሚስቱ የተተኪ አበል የላትም። የኛ እናት ግማሽ ጡረታ ይዛ «ታድዬ» የምትለው ለዚህ ነው።

እህቴ፣ የልጆቹን ገንዘብ አትላኪ የምልሽ ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው። ያ ብር የተቆረጠው በልጆችሽ በሚጡና በማሙሽ ስም ነው። የእኛም 20 በመቶ በስማችን ነበር፤ እማዬ ለአጎቶቻችን ችግር እንኳ አላነካችውም። ስንት ጊዜ እንደጠየቋት እኔ ምስክር ነኝ፤ «የልጆቹ ነው» ብላ ነበር የምትመልሳቸው፤ የተቀየማትም አለ። ካናዳም እንደሰማሁት በ1945 እ.ኤ.አ. የልጆች አበል ሲጀምር ገንዘቡን ለእናቶች ነበር የሚያደርሰው፤ ያለምክንያት አይደለም።

ደግሞም ሌላ ነገር አለ። እኛ እዚህ የጎደለንን የካናዳ ግብር ከፋይ በሚጡ ስም እንዲሞላልን ከለመድን ማንም የኔ ሊስት ላይ ዓምድ እንዲጨመር አይጠይቅም። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ይኖራል፤ የሌለው፣ እንደዚያች የአራት ልጆች እናት፣ ያው 8,595 ብሯን ይዛ ትቀራለች። እኔ የካናዳው ሥርዓት ነገ ደባርቅ ይምጣ አልልም፤ አይመጣምም። የልደት ምዝገባው ራሱ እንደ አገር የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ዛሬ «በልጅ ቁጥር ግብር ይቀነሳል» ቢባል ያ ላጤ ልጅ እንኳ አምስት የልደት ካርድ ይዞ ይመጣል፤ አሠሪዎቹ እኛም እንዘባርቀዋለን። ግን ከነፃው 2,000 ብር ላይ ለአንድ ልጅ ጥቂት መቶ ብር መጨመር ያን ያህል የሚከብድ አይደለም። ለሕጋዊ ወራሽነት ሲሆን ልጅ ማስረጃ ያቀርባል፤ ለጡረታ ተተኪነትም ያቀርባል፤ ለግብር ሲሆን ለምን ያቅተዋል? ይህን አንድ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ብናገር «ጥሩ አስተያየት ነው» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተያዘ። በቃለ ጉባኤ የተያዘ ነገር የት እንደሚሄድ አንቺም ታውቂያለሽ።

ከሥራ ባልደረባሽ ሰማሁት ያልሽውን ያንን የልጆች የትምህርት ቁጠባ ግን አስቢበት። የምታስቀምጪው ላይ መንግሥት 20 በመቶ ይጨምራል፤ በዓመት 2,500 ዶላር ብታስቀምጪ 500 ይሆናል። ያን ያህል ባይቻልሽም በምትችይው ጀምሪ። 20 በመቶ እኛን ያሳደገ ቁጥር ነው፤ አትናቂው።

እኛን መርዳት ከፈለግሽ ከራስሽ ደመወዝ ይሁን፣ በዓመት አንዴ ይሁን፣ ለአንድ ለታወቀ ነገር ይሁን። አሁን የሚያስፈልገው የእማዬ ዓይን ነው። የግራ ዓይኗ ሞራ ጋርዶታል፤ ጎንደር ታይቶ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ተብሏል። ዋጋውን ጠይቄ በስልክ እነግርሻለሁ። በምትልኪው ጊዜ ደግሞ በባንክ ላኪው፤ በሰው እጅ የመጣው ጊዜ የገጠመንን አትርሺ። የኔ ልጆች ደህና ናቸው፤ ትልቁ የአባባን መልክ እየያዘ መጥቷል፤ ታናሹ አሁንም ማታ ማታ ይስላል። ባለቤቴ «ለእህቴ ከልብ የሆነ ሰላምታ» ብሏል፤ ለገና እንግዳ ይመጣል ብሎ ተስፋ አድርጓል።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለእማዬ አነበብኩላት። ስለ ሽማግሌዎቹ የጻፍኩትን ስትሰማ «ይሄንን ለካናዳ ሰው ምን አስነገረሽ?» ብላ ተቆጣች፤ ቆይታ ግን «ይሁን፣ ትወቀው» አለች። በገንዘቡ ላይ ግን ፈጽሞ አልተስማማችኝም። የሷን ቃል እንዳለ ጻፊው ስላለችኝ ይኸው፦ «ልጄ፣ እህትሽ ሊስት ስትሠራ ኖራ ሁሉ ነገር ዓምድ ይመስላታል። የልጅ ልጆቼን ሳላይ በብራቸው ቡና መጠጣት አያምረኝም፤ እሷ ያለችው ልክ ነው። ግን ፈጽሞ አትላኪ አትበይ፤ ልጅ ከላከ ይላክ። ሚጡ ስታድግ በራሷ እጅ አንድ ኪሎ ስኳር ትላክልኝ፤ ያን ጊዜ እቀበላለሁ።»

 

እታለምሽ